ሌንስ ሸጦ ቦዲ መግዛት፦ ለሐዋሳ ፎቶ አንሺዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሐዋሳ የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የሰርግ ወር የሆነው ጥር ሲቃረብ ያገለገለ ካሜራና ሌንስ ገዢው ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቀንስ ደግሞ ሻጩ። በውድ ገዝቶ በርካሽ መሸጥ በእኛ ሙያ ወቅቱ የታወቀ ነው። ዛሬ የምናገረው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ቁጭት ነው።

አብዛኛው ቁጭት የሚመጣው ደህና ሌንስ ሸጦ አዲስ ቦዲ፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ፣ ከመግዛት ነው። ቦዲ ተከታዩ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ጥሩ ሌንስ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኢኤፍ የተባለው የካነን ሌንስ ዓይነት፣ በ2018 በመጣው አርኤፍ በተባለው አዲሱ የካነን ቦዲ ላይ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይገጥማል፤ አውቶፎከሱም ይሠራል። ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ፣ ምስሉን እስከሚቀበለው ክፍል፣ ያለው ርቀት በኢኤፍ 44 ሚሊሜትር፣ በአርኤፍ 20 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የጎደለውን 24 ሚሊሜትር አዳፕተሩ ይሞላል። አርኤፍ ሌንስ ግን በድሮው ቦዲ ላይ አይሆንም። እንግዲህ አርኤፍ ቦዲ ለመግዛት ብሎ ደህናውን ኢኤፍ 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ የሚሸጥ ሰው፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌንስ እንደገና በውድ ሊገዛ ነው።

ከመሸጣችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰርጎች ላይትሩም በተባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና ለደንበኛ ያስረከባችሁትን ፎቶ ብቻ በሌንስ ለዩ። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። 85 ሚሊሜትሩ ሌንስ ከመቶው ፎቶ አምስቱን ብቻ አንስቶ፣ አምስቱም አልበሙን ያስዋቡት የሙሽሪት ፎቶዎች ከሆኑ አትንኩት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ወፍ ለማንሳት የተመኛችሁትን 400 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ከመግዛት በፊት ለአንድ ቅዳሜ ተከራዩት ወይም ተዋሱት፤ ክብደቱን ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

ስትገዙ ደላላው ምንም ቢያጣድፍ ግማሽ ሰዓት ውሰዱ። የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አንሱ፤ የእጅ ባትሪ ከኋላ በሰያፍ አብሩና ከፊት ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ነጠብጣብ አያስጨንቅም። ፈንገስ ግን እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ክር ዘርግቶ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ይጀምራል። ሐይቅ ዳር ነው ያለነው፤ ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ፈንገሱ ኮቲንጉን፣ የመስታወቱን ቀጭን ሽፋን፣ ከበላው ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም፤ ከፀሐይ ትይዩ ስታነሱ ፎቶው ይነጣባችኋል።

ቀጥሎ አፐርቸሩን፣ የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ፣ ጠበብ አድርጋችሁ ኤፍ 8 ላይ አድርጉና፣ ዙሙን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እያንቀሳቀሳችሁ አንሱ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የመጀመሪያው ካነን 24-105 ኤፍ 4 ላይ የአፐርቸሩ ሪባን ኬብል በመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ ይችላል። አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደህና ይሠራል፤ ሲጠብ ግን ካሜራው ኤረር 01 ያወጣል። ሻጩ ሙሉ በሙሉ በተከፈተው ኤፍ 4 ብቻ ቢያሳያችሁ ችግሩን አታዩትም።

በቦዲው በ1/4000 ሰከንድ ፍጥነት ወደ ሰማይ አንሱ፤ የፎቶው አንድ ጎን ከጠቆረ ሹተሩ፣ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ደክሟል። በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ ስታነሱ ደግሞ የሴንሰሩ ቆሻሻ ይወጣል። የሹተር ቁጥሩን፣ ማለትም ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ኒከን ጄፔግ ፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ብዙዎቹን ካነኖች በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። ካነን የሹተሩን ዕድሜ ለ6ዲ ካሜራ 100,000፣ ለ5ዲ ማርክ 3 150,000 ጊዜ ብሎ አስቀምጧል። ከዚያ የሚያልፍም ሳይደርስ የሚሰበርም አለ፤ ስለዚህ 140,000 ላይ የደረሰ 5ዲ ማርክ 3 ስትገዙ የሹተር መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ።

ውል ስትጽፉ የቦዲውንም የሌንሱንም ሲሪያል ቁጥር አስገቡ፤ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዙ።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ ኮምፒውተር አለ። ሌንስ ይዛችሁ የመጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አብረን እንያቸው። አመሰግናለሁ።