ስም ሲጠራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሳስተምር ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ኅዳር 29 ነበር፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን። ተማሪዎቼ የየባህላቸውን ልብስ ለብሰው ባንዲራው ፊት ተሰልፈዋል። ማይክራፎን ይዤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። የአንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ስም የሚጀምረው «ዹጋ» በሚለው የኦሮምኛ ቃል ነው፤ እውነት ማለት ነው። እኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ እንደለመድሁት «ዹ»ን «ዱ» ብዬ ጠራሁት። ልጁም እንደ ወትሮው «አቤት» ብሎ ወጣ። አያቱ ጭብጨባው እስኪያበቃ ታግሠው ወደ እኔ መጡና፣ «መምህር፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልብሱን በአደባባይ ያስጨበጨብሁለትን ልጅ ስሙን ነሥቼዋለሁ። ድምፁ በአማርኛ የለም ብዬ እንዳላመካኝ ፊደሉ አለ፤ ዸ ይባላል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደሉ ከእኔ ቀድሞ ለዚህ ድምፅ ቦታ ሰጥቷል።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የአራት የአምስት ቋንቋ ልጆች ሲቀመጡ ግን ቀሪው ሥራ የመምህሩ ነው። የምንችልበትም አለ። ዓርብ ጁምዓ የሚሰግደው እንዲደርስ የምሳ ሰዓቱ ይረዝማል። ረቡዕ ምሳ ዕቃ ሲከፈት ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፤ ማንም ሳይነግራቸው የጾመኛዋን ሽሮ ከእንቁላሉ አርቀው ያስቀምጡላታል፤ እንጀራውን ግን አብረው ይቆርሳሉ። በዓመት አንድ ቀን ልብስ ከማሰለፍ ይልቅ እኔ የማምነው በዚህ ነው።

በማግስቱ ልጁን አስተምረኝ አልሁት። «ቲቸር፣ ምላስዎን ወደ ላንቃዎ ይጠፉት፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይሳቡት» አለኝ። እኔ ስሞክር እሱ ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም። በአራተኛው ቀን ራሱን ነቀነቀልኝ።

ከዚያ የስም መጥሪያውን ይዤ እያንዳንዱን ልጅ፣ «ቤት ውስጥ እናትህ እንዴት ብላ ትጠራሃለች? አንቺንስ?» እያልሁ ጠየቅሁ። ከሃምሳ ሁለቱ የሰባቱን ስም አሳስቼ ስጠራ ኖሬያለሁ።