160 ቁጥር ክፍተት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን በልቤ ሲመላለስ የከረመ ጉዳይ አለና እሱን ላውራችሁ። የጽሑፍ ፋይል ስለማፅዳት ነው። ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከልቤ የምወደው ሥራ ሆኗል።

በየሳምንቱ ከአንድ ሲስተም የወጣ ፋይል ይደርሰኛል። ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠን የያዘ ነው። ለወረቀት ህትመት የተዘጋጀ ስለሆነ በየ50 መስመሩ ርዕሱ ይደገማል፤ የገጽ ቁጥሩ መረጃው መሃል ይገባል፤ ባዶ መስመርና የሰረዝ መስመር በየቦታው አለ። ሁለት ዓመት ያህል በእጄ ነበር የማፀዳው። ረድፉን መርጬ አጠፋለሁ፤ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድካሙን ለምጄው ነበር። ያስጨነቀኝ ወደ ማምሻው ዓይኔ ሲዝል የትኛውን ረድፍ እንዳጠፋሁ እኔው ራሴ አለማወቄ ነው። ያ ረድፍ እኮ የአንድ ሰው መረጃ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚደግም የትእዛዝ ዝርዝር፣ መቅዳት ጀመርኩ። ኤክሴል የምታደርጉትን እየተከተለ ቪቢኤ በሚባለው ቋንቋ ይጽፍላችኋል። ቪቢኤ ከ1993 ጀምሮ ኤክሴል ውስጥ አለ፤ ስለዚህ የሚያጋጥማችሁ ችግር ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ያጋጠመው ነው። የመጀመሪያው ማክሮዬ አንድ ሳምንት ሠራ፤ በሁለተኛው ሳምንት የማይነካውን ነካ። ምክንያቱን ለማግኘት ኮዱን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩ። «52ኛውን ረድፍ አጥፋ» ይላል። እኔ ያንን ረድፍ ያጠፋሁት የተደገመ ርዕስ ስለነበረ ነው። ማክሮው የያዘው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው፤ በአዲሱ ፋይል 52ኛው ረድፍ ላይ የነበረው ደግሞ ሰው ነው።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ በእጄ ስሠራ በየረድፉ አንድ ውሳኔ እወስን ነበር፤ ውሳኔውን ግን አንድም ቀን በቃል አውጥቼው አላውቅም። ማክሮ ስጽፍ ማውጣት ግድ ሆነ፦ የመጀመሪያው ዓምድ «ስም» የሚል ከሆነ ይውጣ፤ ሙሉው ረድፍ ባዶ ከሆነ ይውጣ። ሌላም ተማርኩ፤ ረድፍ የሚያጠፋ ማክሮ ከታች ወደ ላይ ነው መሄድ ያለበት። ከላይ ከጀመረ አንዱ ሲጠፋ የታችኛው ከፍ ይልና ሳይታይ ይታለፋል።

አሁን ወደ ክፍተቱ ልምጣ፤ ይሄኛው ሁለት ቀን ወስዶብኛል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይቆጠርብኛል። ሁለቱን ሴሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። «እኩል ናቸው ወይ?» ብዬ በፎርሙላ ስጠይቅ አይደሉም ይለኛል። ትርፍ ክፍተት ይኖር ይሆናል ብዬ ትሪም በሚባለው ትርፍ ክፍተት አስወጋጅ ፎርሙላ ትሪም አደረግኩ፤ ለውጥ የለም። የማይታዩ ምልክቶችን የሚያነሳውን ክሊንንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ርዝመታቸውን ሌን በምትባለው ፎርሙላ ለካሁ። አንዱ 9፣ አንዱ 10። የአሥረኛውን ምልክት ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ምልክቱን የሚያውቅበትን ቁጥር፣ ስጠይቅ 160 ሆኖ ተገኘ።

ተራው ክፍተት፣ ስፔስ ስንጫን የሚገባው፣ ቁጥሩ 32 ነው። 160 ደግሞ መስመር እንዳይሰበር ተብሎ የሚገባ ክፍተት ነው፤ ከድረ ገጽ በሚቀዳ ጽሑፍ ውስጥ ሞልቷል። ትሪም የሚያውቀው 32ን ብቻ ነው፤ ክሊን የሚያነሳው ከ0 እስከ 31 ያሉትን ነው። 160 በሁለቱም በኩል ያልፋል። መፍትሔው አንድ መስመር ኮድ ነው፦ 160ን መጀመሪያ በ32 ተኩ፣ ከዚያ ትሪም አድርጉ። ያ ስም ወደ አንድ ሲመለስ ያየሁበትን ቅጽበት አልረሳውም።

ፊደላችንን በተመለከተ ባጭሩ ልንገራችሁ። የቪቢኤ የቆየው የፋይል ማንበቢያ ትእዛዝ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደላት ማስቀመጫ ሥርዓት አያውቅም፤ የግዕዝ ፊደል ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ኤዲኦ ስትሪም በሚባለው ሌላ የማንበቢያ መሣሪያ በኩል ፋይሉን አንብቡትና ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ንገሩት።

ካጠፋኋቸው ጥፋቶች የከበደኝ ግን የዜሮዎቹ ነው። 00417 የሚል መለያ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ 417 ያደርገዋል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከ15ኛው በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። ሁለት ሰዎች አንድ መለያ የያዙበት ፋይል ልኬያለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ በእጄ አስተካከልኩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሴፕት2 እና ማርች1 የሚባሉ የሰው ዘረመል ስሞች ኤክሴል ውስጥ ወደ ቀን እየተቀየሩ ተመራማሪዎችን ስላስቸገሩ፣ በ2020 የዘረመል ስያሜ ኮሚቴው ስሞቹን ራሳቸውን መቀየሩን አሳውቋል። እኔ አሁን ፋይሉ ሲገባ የመለያውን ዓምድ ጽሑፍ ነው ብዬ አስቀድሜ እወስናለሁ። ከገባ በኋላ የጠፋ ዜሮ አይመለስም።

ማክሮ ደግሞ ከሮጠ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻው አይሠራም። ስለዚህ የእኔ ማክሮ ዋናውን ፋይል አይነካም፤ በቅጂ ላይ ይሠራል። ያወጣውን ረድፍም አይጥልም፤ «የወጡ» ወደሚል ሺት ይወስደዋል፤ ከጎኑ የመነሻ መስመሩን ቁጥርና የወጣበትን ምክንያት ይጽፋል። ከየትኛውም ደንብ ጋር ያልገጠመ ረድፍ ካለ «ሰው ይየው» ይለዋል። ሥራው በሙሉ ከደቂቃ በታች ያልቃል። የቀረውን ጊዜ እነዚያን ረድፎች በማየት አሳልፋለሁ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ናቸው። አንደኛው ስም አለው፣ መጠን አለው፣ ቀን ግን የለውም። ከላይ ያለው ረድፍ ደግሞ ሁለት ቀን ይዟል። መስመሩ መሃል ላይ ተሰብሮ ይመስለኛል። ቀረጻውን እንዳጠፋሁ ዋናውን ፋይል ከፍቼ 1,206ኛውን መስመር አየዋለሁ። ደህና ሁኑ።