ከፃርስኮዬ ሴሎ እስከ ቱርካና ዳርቻ፦ ስለ ሩሲያ ክቡር ዘበኛ ሁሳሮች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ቁስለኞቻችንን ሊያክም ሲመጣ፣ ከሐኪሞቹ ጋር አሌክሳንድር ቡላቶቪች የሚባል የ25 ዓመት የፈረሰኛ መኮንን አብሮ መጥቶ ነበር። ዘመኑ 1896 ነው፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ሰው ጉዞ ብዙ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ስላሳደገው ሬጅመንት፣ ማለትም ስለ ፈረሰኛ ጦር ክፍሉ፣ ግን እምብዛም አልሰማሁም። ሬጅመንቱን ሳናውቅ ሰውየውን አናውቀውም ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት።

ሬጅመንቱ ከዛሩ የቅርብ ጠባቂ ሠራዊት አንዱ ስለነበረ፣ በእኛው አጠራር ክቡር ዘበኛ ብዬ ብጠራው ያለ አግባብ አይሆንም። መነሻው በዳግማዊት ካትሪን ዘመን በ1775 የተቋቋመ አንድ የሁሳር፣ ማለትም የቀላል ፈረሰኛ፣ ስኳድሮን (አነስተኛ የፈረሰኛ ክፍል) ነው። ልጇ ዛር ፓቬል በ1796 ጋቺና በተባለው ርስቱ ከነበሩት የራሱ ሁሳሮችና ኮሳኮች ከሚባሉት ፈረሰኞች ጋር ቀላቅሎ ሬጅመንት አደረገው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ኮሳኮቹ ተለይተው ወጡና ሁሳሮቹ ለብቻቸው ቆሙ። ሰፈራቸው ከሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ፣ የዛሮቹ የበጋ ቤተ መንግሥት ባለበት በፃርስኮዬ ሴሎ ነበር። በሰልፍ ቀን ደረቱ በወርቅ ክር ጌጥ የተሸለመ ቀይ እጀ ጠባብ ለብሰው፣ ፀጉር የተቀመቀመበትን አጭር ካባ በግራ ትከሻቸው አንጠልጥለው፣ በግራጫ ፈረሶች ይወጡ ነበር። ይህን ሁሉ ለማሟላት ደመወዝ ስለማይበቃ፣ የቤተሰብ ሀብት የሌለው መኮንን እዚያ ብዙ መቆየት አይችልም ነበር።

ይሁን እንጂ ለሰልፍ ጌጥ ብቻ የቆሙ ነበሩ የሚል ካለ ይሳሳታል። በ1805 በኦስተርሊትዝ ከናፖሊዮን ጋር ተዋግተዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው በሞስኮ አቅራቢያ የተደረገውን የቦሮዲኖ ጦርነት ነው። በ1812 በዚያ ሜዳ የናፖሊዮን ጦር የሩሲያን መሐልና ግራ ክንፍ በመድፍ እየደበደበ ሳለ፣ ጄኔራል ኡቫሮቭ ክቡር ዘበኛ ሁሳሮች ያሉበትን ፈረሰኛ ይዞ ከፕላቶቭ ኮሳኮች ጋር የኮሎቻን ወንዝ ተሻግሮ በጠላት ግራ ክንፍ በኩል ገባ። ሁሳሮቹ ሳንጃ ቀስሮ በአራት ማዕዘን በቆመ እግረኛ ላይ ደጋግመው ጋለቡ፤ አልሰበሩትም። ዋናው አዛዥ ኩቱዞቭም በውጤቱ አልተደሰተም። ነገር ግን ናፖሊዮን ለጀርባው ሰግቶ በሩሲያ መሐል በነበረው በራየቭስኪ ምሽግ ላይ ያዘጋጀውን ታላቅ ጥቃት ለሁለት ሰዓት ያህል አዘገየ፤ የተጎሳቆለው የሩሲያ መሐል ጦርም በዚያች ፋታ መስመሩን ጠግኖ ጠበቀ። በእኔ ሚዛን ያ ግልቢያ ከንቱ አልነበረም።

የሬጅመንቱ ታሪክ በጦር ሜዳ ብቻ አያልቅም። የእኛ ነው የምንለው ፑሽኪን ገና ተማሪ ሳለ በፃርስኮዬ ሴሎ ከሁሳሮቹ ጋር ይውል ነበር፤ ፈላስፋው ቻዳዬቭም ያን ጊዜ ከመኮንኖቹ አንዱ ነበር። በ1837 ፑሽኪን ከሌላ የዘበኛ ሬጅመንት መኮንን ከዳንቴስ ጋር ባደረገው የሽጉጥ ግጥሚያ ቆስሎ ሲሞት፣ ቤተ መንግሥቱን የሚከስ ግጥም ጽፎ የታሰረውና ወደ ካውካሰስ የተጋዘው የክቡር ዘበኛ ሁሳሩ ኮርኔት (ጀማሪ መኮንን) ሚኻይል ሌርሞንቶቭ ነው። ለዛሩ ዘብ የቆመ ወጣት ስለ አንድ ባለቅኔ ደም ሹመቱን አሳልፎ መስጠቱ እስከ ዛሬ ልቤን ይነካዋል።

ቡላቶቪች በ1891 የገባው ወደዚህ ቤት ነው። ከጅቡቲ እስከ ሐረር ያለውን በረሃ ከ4 ቀን ባነሰ ጊዜ ሲያቋርጥ፣ ያ ጽናት የፈረሰኛ ቤት ትምህርቱ ነበር። በአገሩ ፈረሰኛ እርካብን በቦት ጫማው ሙሉ ይረግጣል፤ እዚህ ግን በባዶ እግሩ፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ጠባቧን እርካብ ቆንጥጦ ሽቅብ ቁልቁል የሚጋልብ ሰው አገኘ። በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ሲዘምት፣ የሠራዊቱን ጉዞና ስንቅ እንደ ባለሙያ መዘገበ። ጦርነቱ በከፋ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ጥፋትም አልደበቀም። በሐይቁ አካባቢ በዘማቾች ክፉኛ ተጎድቶ ያገኘውን ሕፃን ቁስሉን አጥቦ፣ ቫስካ ብሎ ሰይሞ ወደ ሩሲያ ወሰደው።

በ1903 ያን ቀይ ልብስ አውልቆ መነኮሰ፤ አባ አንቶኒም ተባለ። በ1911 በመነኩሴ ቀሚስ አዲስ አበባ ተመልሶ መጥቶ በሕመም አልጋ ላይ ለነበሩት ለዳግማዊ ምኒልክ ጸለየ። ሬጅመንቱ ከአብዮቱ በኋላ በ1918 ፈረሰ። ቡላቶቪችም በ1919 ታኅሣሥ፣ ዛሬ በዩክሬን ባለችው በሉትሲኪቭካ፣ በቤተሰቡ ርስት ላይ ሌሊት በመጡ ወንበዴዎች ተገደለ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።