የክርስትና ስሟን ማን ልበላቸው?

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ወንድሜ ነው እሱን የሚያስገባው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ተኮራርፈናል። ይቅርታ። ይቅርታ የሚሠራ ቢሆን ፖሊስ ለምን ያስፈልጋል? አዎ፣ አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ እላታለሁ። የታይዋን ድራማ ላይ ያለው የዳኦ ሚንግ ሱ አባባል ናት፣ የኔ አይደለችም።

ስለ ቤት ኪራዩ ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆይ። አከራዬም የትም አይሄዱ። አርብ ዕለት የሆነ ነገር አለ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ የሂሳብ ክፍላችንን። አርብ ከሰዓት ጠረጴዛዬ ጋ መጡና ዝቅ ብለው፣ «የዚያች ልጅ ሙት ዓመቷ ደረሰ አይደል?» አሉኝ። የትኛዋ ልጅ ልል ነበር። ከዚያ ገባኝ። ክው አልኩ። «የክርስትና ስሟን ብትነግሪኝ ለነፍስ አባቴ እሰጣቸዋለሁ፣ በጸሎት ያስቧታል» አሉኝ።

እንግዲህ የክርስትና ስም የሚፈልጉላት ባርቢ ሹ ናት፣ የታይዋኗ ተዋናይት። ሚቲዮር ጋርደን የሚባለው ድራማ ላይ ሻን ጻይን ሆና የሠራችው። የኔ ሻን ጻይ።

አትሳቁ። ማለቴ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ያን ቀን እንደገና ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ስነግራችሁ ለቀልድ ብዬ ግማሹን ዘልዬዋለሁ።

ያረፈችው ጥር 25 ቀን 2017 ነው። ወሬው የወጣው በማግሥቱ፣ ሰኞ። ሻይ ይዤ ስልኬን እያየሁ ነበር። ፎቶዋን አየሁ። መጀመሪያ የተለመደው የፌስቡክ ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ሰውን በቁሙ መግደል ሥራቸው ነው። ከዚያ እህቷ የሰጠችው መግለጫ መጣ። እህቷ ካለች አለቀ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ማልቀስ የጀመርኩት ራሴም ሳላውቀው ነው። ሻዩ ውስጥ ጠብ ሲል ነው ያየሁት።

አጠገቤ የምትቀመጠዋ «ምነው? ማን ሞተብሽ?» አለች።

«አንዲት ልጅ። ከድሮ ጀምሮ የማውቃት።»

«ውይ! የት?»

«ጃፓን።»

«ጃፓን ምን ልትሠራ ሄደች?»

«ለበዓል። ከቤተሰቦቿ ጋር።»

«ታማ ነበር?»

«ጉንፋን ነው የጀመራት። ወደ ሳንባ ምች ዞረ።»

«በዚህ ዘመን? በጉንፋን? ዕድሜዋስ?»

«48።»

«ልጆች አሏት?»

«ሁለት።»

እዚህ ላይ ቢሮው በሙሉ «እህህህ» አለ። ልብ አድርጉልኝ፣ አንድ ውሸት የለበትም! ጃፓን እውነት። የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል እውነት። ሳንባ ምቹ እውነት፣ ልጆቹ እውነት። ተዋናይት ናት ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው እንባ ሲያይ ሥራ አይጠይቅም።

ጋሼ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛ ቢሮ ውስጥ እሳቸውን ያለ ባርኔጣ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቆሙ። ብዙ አላወሩም። «እግዜር ያጽናሽ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። ከታመቀ ይጎዳል» አሉ። አጠገቤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። በቃ፣ ተቀመጡ። የሚያጽናና ወሬ አልፈለጉም። ደሞዝ የሚሠራበት ሳምንት ነበር፣ ሥራ ተቆልሎባቸው እኮ ነው። መስኮቱን እያዩ ተቀመጡ። እኔም አለቀስኩ። ወጣልኝ። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፣ ወጣልኝ! ለቴሌቪዥን ሰው በእውነተኛ ማጽናኛ ተጽናናሁ።

ከሰዓት ደግሞ ፖስታ መጣ። የተዋጣ። አልቀበልም ብዬ ብታገልም ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቁት። እሱ እንኳ ብዙ አልቆየም፣ የጽዳቷ ልጅ እናት ሲያርፉ እንዳለ ወደዚያ ሄደ። ስለ ገንዘቡ አትጻፉልኝ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ።

ዱባይ፣ ሳትዋ፣ ያቺ አልጋ የተደራረበባት ክፍል። ስለሷ ስንት ጊዜ አውርቻችኋለሁ። ከበላዬ የምትተኛው ፊሊፒኖዋ ላፕቶፕ ነበራት። ሚቲዮር ጋርደን ታይዋን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ፊሊፒንስ በ2003 በራሳቸው ቋንቋ አሳዩትና አገሩ በሙሉ አበደ። እሷም ያንን ነው ይዛ የመጣችው። ስለዚህ እኔ ፍቅር የያዘኝ የታይዋን ልጆች በታጋሎግ ሲጨቃጨቁ እያየሁ ነው። ትርጉም ከሥር የለም። እሷ እያቆመች በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ ከዚያ ራሷ ታለቅስና ሳትጨርስልኝ ትቀራለች። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ቱርኮቹ አማርኛ ሲያወሩ እናንተ ገርሟችሁ ነበር። እኔ ለምጄው ነው የመጣሁት።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የድሃ ልጅ የሀብታም ትምህርት ቤት ትገባለች። ኤፍ ፎር የሚባሉ አራት ጎረምሶች ሰው ካልጣማቸው መቆለፊያ ሣጥኑ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፋሉ። ያ ወረቀት የተለጠፈበትን ሰው ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያሳድደዋል። ለሻን ጻይ ለጠፉባት። እሷ ግን አልሸሸችም፣ ዋናውን፣ ዳኦ ሚንግ ሱን፣ ፊት ለፊት ገጠመችው። ሰውየው ደግሞ በዚያው ወደዳት። እንግዲህ ወደዳት ከተባለ! እጇን እየጎተተ፣ እየጮኸባት። ዛሬ እህቴን እንዲህ የሚያደርጋት ሰው ቢመጣ ቀበሌ ነው የምወስደው። ያን ጊዜ ግን ልቤ ስቅል ብሎ ነበር። ጨዋው ሁዋ ዘ ሌይ ነበር እኮ፣ ከአራቱ ዝምተኛው። እሱን ትታ ለዚያ ለአናናስ ጸጉር... እኔም እንደሷ። ይሄን ወንድሜ አይስማ።

ወንድሜ ቤቴን «የታይዋን ኤምባሲ» ነው የሚለው። ታይዋን አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ የላትም፣ የቤጂንጉ ብቻ ነው ያለው። «አንቺ ወክለሻታል፣ ቪዛም ብትሰጪ» ይለኛል።

እና ምን ይስባል ብትሉኝ... ከቱርኮቹ ጋር ሳስተያየው፣ የቱርኮቹ ቤት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፣ ሴትየዋ ስትነቃ ተኳኩላ ነው። የታይዋኖቹ ስኩተር ላይ በዝናብ ካፖርት ይሄዳሉ፣ በነጠላ ጫማ ሱቅ ይወርዳሉ፣ ቆመው ኑድል ይበላሉ። ድሮ ብዙዎቹ እየታዩ ነበር የሚቀረጹት፣ በሳምንት አንድ ቀን እየወጡ፣ የተዋናዮቹ ዓይን ሥር ድካሙ ይታያል። ያ ድካም ነው መሰለኝ የሚያቀርባቸው። ወይ አይደለም። ሚቲዮር ጋርደን የሀብታም ነው ብዬ አሁን ነገርኳችሁ። እሺ፣ ይሄ ሐሳብ አይሠራም፣ ተዉት።

ግን አንድ ነገር። ሰምደይ ኦር ዋን ደይ የሚባለውን የታይዋን ድራማ ያላያችሁ ጆሯችሁን ያዙ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው። ፍቅረኛዋ በአውሮፕላን አደጋ የሞተባት ልጅ ናት። በድሮ ዎክማን የታይዋኑን ዘፋኝ የዉ ባይን ዘፈን ስትሰማ ወደ እ.ኤ.አ. 1998 ትመለሳለች፣ በሌላ ልጅ ገላ ውስጥ። 13 ክፍል ሙሉ ሲፈላለጉ ይኖራሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው እንዲተርፍ ካሴቱን ያጠፉታል። ካሴቱ ከጠፋ ሁለቱ አይተዋወቁም። አለመገናኘት ብቻ አይደለም፣ ፍቅራቸው ራሱ እንዳልነበረ ይሆናል። እና አንተ ተመልካቹ ብቻ ታስታውሳለህ። እነሱ ያላወቁትን ሐዘን አንተ ተሸክመህ ትተኛለህ። እኔ በማግሥቱ ሥራ ስገባ...

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልል ነበር። ከባርቢ ሹ ጋር የሚያያዝ። እሷም አታውቀኝም ምናምን። ሲወጣ ግን ቃሉ ያሳፍራል።

የስልኩን ልንገራችሁ ይልቅ። ይሄ ድራማ አይደለም፣ የባርቢ ሹ የራሷ ሕይወት ነው። በወጣትነቷ ኩ ጁን ዮፕ የሚባል ኮሪያዊ ሙዚቀኛ ወዳ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ። ተለያዩ። እሷ ሌላ አገባች፣ ወለደች፣ በ2021 ተፋታች። እሱ ይሄን ሲሰማ ከ20 ዓመት በፊት የያዘውን ቁጥር ደወለ። ቁጥሩ አልተቀየረም! አነሳችው። በ2022 ተጋቡ። እኛ ጋ ቢሆን ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ አንድ ሾፌር «ማን ልበል?» ይልህ ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ በወጉ አልኖሩም። ከዚያ ጉንፋን። ይሄን ደራሲ ጽፎት ቢሆን «በዛ» ብለን ቻናል እንቀይር ነበር።

ያን ሰኞ ያለቀስኩት ለሻን ጻይ ይሁን፣ ለሴትየዋ፣ ለስልኩ ይሁን፣ ለሳትዋዋ ክፍል፣ አልለየውም። ፊሊፒኖዋ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። ያን ቀን እሷም የሆነ ቦታ ሆና አልቅሳለች፣ በዚህ እወራረዳለሁ።

አሁን ጋሼ። «አላውቅም» ልላቸው እችላለሁ፣ እውነት ነው። ግን አርብ ዕለት ይሄንኑ ስላቸው፣ «ቤተሰቦቿን ጠይቂልኛ» ብለዋል። የሆነ ስም መስጠት ደግሞ አለ፣ ወለተ ማርያም ምናምን። ጸሎት ላይ? አላደርገውም። ወንድሜ ከመኮራረፋችን በፊት «ለሷ መጸለይ ምን ችግር አለው፣ ሞታለች አይደል?» ብሎኛል። ይሄ ልጅ አንዳንዴ... እንጃ። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን እሳቸው የሚጸልዩት ለኔ ወዳጅ ብለው ነው። ወዳጄ ነበረች ወይ?

ሰኞ ሻይ ልጋብዛቸውና ከሥር ከመሠረቱ፣ ከቀዩ ወረቀት ልጀምርላቸው ይሆን? ክፍል አንድን በስልኬ ባሳያቸውስ? ዳኦ ሚንግ ሱን የሚሠራውን ጄሪ ያንን ግን በዚያ ጸጉር ካዩት ገና ምኑንም ሳልነግራቸው... እንጃ። የቤት ኪራዩን በሚቀጥለው።