ደንገል ለዓሳ ኩሬ፦ የረግረግ ማጣሪያ እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፤ ጣና ዳር የበቀለ ደንገል]

እንዴት ናችሁ? ግቢያችሁ ውስጥ ቀረሶ የምታረቡ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ቀጥሎ ይሸታል። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ዓሳዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ታገኟቸዋላችሁ፤ አየር አጥሯቸው ነው።

ብዙ ሰው ያኔ ኩሬውን አፍስሶ በቧንቧ ውሃ ይሞላል። እኔ አልመክርም። ክሎሪኑ ዓሳውንም ይጎዳል፣ ውሃውን የሚያጸዱትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል።

[ምስል፦ የኩሬና የማጣሪያ ንድፍ]

ዋናው መርዝ አሞኒያ ነው። ዓሳ በአብዛኛው በስንጥቡ ያስወጣዋል፤ የተረፈ መኖ ሲበሰብስም ይጨምራል። በዓይን አይታይም። ስለዚህ ኩልል ባለ ውሃ ውስጥም ዓሳ ይሞታል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ዓሳን እምብዛም አይጎዳም፣ ለተክል ደግሞ ምግብ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚጣበቁበት ቦታና ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የረግረግ ማጣሪያ ማለት ይኸው ነው፤ ጠጠር የሞላበት፣ ተክል የበቀለበት መደብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከኩሬው አጠገብ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ መደቡን ሥሩ። ውሃ እንዳያሰርግ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉበት። ከሥር የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ ዘርጉ፣ በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ሙሉ። ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ወደ ቱቦው ይገፋል። ውሃው በጠጠሩ መሃል ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይፈስሳል። የመደቡ ስፋት ከኩሬው ከ10 እስከ 30 በመቶ ይሁን። ብዙ መኖ የምትሰጡ ከሆነ ወደ 30 ጠጉ። ኩሬው 12 ካሬ ሜትር ከሆነ 3 ካሬ ሜትር አካባቢ መደብ በቂ ነው።

ግንበኞች 01 የሚሉት ጠጠር ጥሩ ነው፤ በደንብ ይታጠብ። አሸዋ ቶሎ ይደፈናል። አፈር፣ በተለይ መረሬ፣ በጭራሽ እንዳታስገቡ። የተክሉንም ሥር አጥባችሁ ነው የምትተክሉት።

[ምስል፦ ታንኳ]

ምን እንትከል? ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚሁ አለላችሁ። ጣና ዳር ያለው ደንገል ከማሳ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ እየያዘ ለሐይቁ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ግን ይንሰራፋል፣ ትንሽ መደብ ላይ ማሳሳት ይጠይቃል። ቄጠማም ይሆናል። ጎደሬ ደግሞ ረግረግ ይወዳል፣ ይበላልም። ፊላን እኔ አልተክልም፤ ሹል ሥሩ ጂኦሜምብሬኑን ሊበሳው ይችላል።

እምቦጭስ? እውነቱን ለመናገር ከውሃ ውስጥ ናይትሬት በመምጠጥ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ግን እባካችሁ ተዉት! እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ሲለቅመው እንደኖረ ታውቃላችሁ። አንድ የክረምት ጎርፍ ከግቢያችሁ ወደ ሐይቁ ሊወስደው ይችላል።

ብዙዎች የሚረሱት ማጨዱን ነው። ናይትሬቱ ተክሉ ውስጥ ነው ያለው። ተክሉ ደርቆ መደቡ ላይ ከወደቀ ሲበሰብስ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ አጭዳችሁ አውጡት፤ ቄጠማው ለቡና ይጎዘጎዛል፣ ሌላው ኮምፖስት ይሆናል።

አዲስ መደብ ወዲያው አይሠራም። ባክቴሪያው እስኪራባ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል፣ በብርድ ወራት ደግሞ ይዘገያል። እስከዚያ ጥቂት ዓሳ፣ ጥቂት መኖ።

[ምስል፦ የቆመ ፓምፕ]

መብራት ሲጠፋስ? ለአጭር ጊዜ ከሆነ ችግር የለም። ለረጅም ሰዓት ከቆየ ግን ጠጠሩ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ ውሃው የተበላሸ እንቁላል መሽተት ይጀምራል። መብራት እንደመጣ ያ ውሃ ቀጥታ ዓሳው ላይ ይደፋል። ለዚህ ሲባል ገና ስትገነቡ ከመደቡ ሥር ማፍሰሻ ቧንቧ አውጡ። መጀመሪያ እሱን ከፍታችሁ የገማውን ውሃ አትክልት አጠጡበት፣ ፓምፑን ከዚያ በኋላ አስነሱ።