ቀጭን ማንገቻ አሰፋፍ፦ የአድማጮች ጥያቄና የልብስ ሰፊዋ መልስ

ከፒያሳ፦ የቀሚስ ማንገቻ ስሰፋ ይጣመምብኛል። ምን ላድርግ?

የኔ እህት፣ ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ጨርቁን በቀጥታ ቆርጠሽው ይሆናል። በሰያፍ ቁረጪው፣ በ45 ዲግሪ። ያኔ ይለጠጣል፣ ትከሻ ላይም ልስልስ ብሎ ይተኛል። 5 ሚሊ ሜትር ማንገቻ ለማውጣት 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። መልካሙን ፊት ወደ ውስጥ አጥፈሽ፣ ከእጥፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ፣ ሳብ እያደረግሽ ስፊ። ሳትስቢ ከሰፋሽው ሲለበስ ክሩ ይበጠሳል።

ከአራት ኪሎ፦ ቁመቱ ስንት ይሁን?

ሰውነት ላይ ለኪና 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። ስትለኪ ስፒል አፍሽ ውስጥ አትያዢ።

ከመርካቶ፦ ማንገቻውን ስገለብጥ መርፌ ቁልፉ ውስጥ ይከፈትብኛል። ስፒል ደግሞ አፌ ውስጥ ነው የምይዘው፤ ሁሉም ሰፊ እንደዛ ነው። ችግር አለው?

መርፌ ቁልፉን ተወው፣ በተራ የስፌት መርፌ መገልበጡ ቀላል ነው። ከስፌቱ ውጭ ያለውን ትርፍ ጨርቅ 3 ሚሊ ሜትር አስቀርተህ ቁረጥ። መርፌው ላይ ያለውን ጠንካራ ክር ማንገቻው ጫፍ ላይ ስፋ፣ መርፌውን በቀዳዳው በኩል አስቀድመህ ውስጡን አሳልፈውና ቀስ ብለህ ሳብ። በሹሉ በኩል ካስገባኸው ጨርቁን ይወጋል።

ስፒሉ ግን፣ ልጄ፣ ዛሬውኑ ከአፍህ ይውጣ! አጠገቤ የምትሰፋ ልጅ ሦስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር። ሰው ጠራት፤ «አቤት» አለች። አንዱ ወረደ። ለዚያች አንዲት ቃል ሆስፒታል አደረች። ማሳልና መሳቅ ቀጠሮ የላቸውም። ስፒል ወደ ሳንባ ከገባ ሳሉ ጋብ ሊል ይችላል፤ ስፒሉ ግን እዚያው ነው። ዳቦ ብላበት፣ አስታውከው የሚልህን አትስማ። ወዲያው ሆስፒታል ሂድ፣ ራጅ ያሳየዋል። መተንፈስ ካቃተህ አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ጥጥ የሞላች ትንሽ ትራስ ሰፍተህ እጅህ ላይ እሰር፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትወጣለች።

ከካዛንቺስ፦ ማንገቻውን ከሸማ ብሰራውስ?

ሸማ ሳሳ ብሎ ስለሚሸመን ይለጠጣል፣ ይተረተራል። ውስጡ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ አስገቢበት።

ከለገሃር፦ የእናቴ የሐር ቀሚስ ማንገቻው ከሥሩ ተቀደደ። ራሴ ልስፋው?

አይሆንም፣ እህቴ። ያረጀ ሐር መርፌ በነካው ቁጥር ይሰነጠቃል። ሐር ሰርቶ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ሲለካሽ አፉ ውስጥ ስፒል ካየሽ አውጣ በይው።