ከሞተሩ ሥር የተቀመጠው ትሪ

ሰናይት፦ አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንወያየው የድሮዎቹን የእንግሊዝ ሞተርሳይክሎች መልክ ይዘው በዘመናችን ስለሚሠሩት አዳዲስ ሞተርሳይክሎች ነው። ሰው አሮጌውን የሚወድደውን ያህል አዲሱን ሊወድድ ይችላል ወይ የሚለውን እንጠይቃለን። እኔ አዲሱን ሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር እነዳለሁ፤ ጋሽ ዳዊት ደግሞ የ1966ቱ ትራይምፍ ቦንቪል ባለቤት ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጋሽ ዳዊት፣ ከአዲሶቹ ብንጀምር ምን ይመስልዎታል?

ዳዊት፦ ከአዲሶቹ እንጀምራለን፤ ነገር ግን አስቀድሜ ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ልንገርሽ። ከሞተሩ ሥር የማስቀምጠውን ትሪ ታውቂዋለሽ አይደል?

ሰናይት፦ ከባለቤትዎ ማድ ቤት የወሰዱትን የዳቦ መጋገሪያ ትሪ እንዴት እረሳዋለሁ?

ዳዊት፦ እሱን ነው። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ሠርቼ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸውን ሁለት ቱቦዎች አውጥቼ፣ ከላይና ከታች ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ለውጬ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ባትሪ ይዤ ወርጄ ትሪውን ሳየው እንዳጠብኩት ደረቅ ነው። ደስታዬን ልገልጽልሽ አልችልም። ከዚያ አስነሥቼ አንድ ሰዓት ያህል ነዳሁትና መልሼ አቆምኩት። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ትሪው ላይ ሦስት ጠብታ ዘይት አገኘሁ፤ ሦስቱም የምስር ፍሬ ያህሉ ነበር።

ሰናይት፦ አዘኑ?

ዳዊት፦ አላዘንኩም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁና። የትራይምፍ ነዳፊ የነበረው ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ስፒድ ትዊን የተባለውን ሞተርሳይክል ሲያወጣ፣ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው የሚወጡበትንና አብረው የሚወርዱበትን ሞተር ሠራ፤ የእኔም ሞተር የዚያው ዘር ነው። ፒስተኖቹ እኩል ሲወርዱ በታችኛው የሞተር ሳጥን ያለው አየር ይታመቃል፤ መተንፈሻው ያንን ሁሉ ማስተናገድ ሲያቅተው አየሩ ዘይቱን እየገፋ በደከመ ጓርኒሲዮን በኩል መውጫ ይፈልጋል። አንዱ ሲሊንደር በአንደኛው ዙር፣ ሌላው በሚቀጥለው ዙር ቤንዚኑን ስለሚያቃጥል ደግሞ ምቱ ሳይዛነፍ እኩል እኩል ይወርዳል። ያንን ድምፅ የሚያሰማኝ አሠራር ነው ዘይቱንም የሚያንጠባጥበው። አንዱን ወድጄ ሌላውን ልጠላ አልችልም።

ሰናይት፦ ይህንን እቀበላለሁ። ሆኖም የዛሬው ርዕሳችን አዲሶቹ ናቸው።

ዳዊት፦ ወደዚያው እየሄድኩ ነው። አነሣሡን ልንገርሽና ልዩነቱ በግልጽ ይታይሻል። መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ትከፍቻለሽ። ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅሉት፣ አማል በተባሉት ሁለት ካርቡረተሮች ጎን ያሉትን ትንንሽ ቁልፎች፣ ቤንዚኑ ሞልቶ ጣትሽን እስኪያረጥበው ድረስ ትጫኛለሽ። ፍሪሲዮኑን ጨብጠሽ ሁለት ጊዜ ያህል ትረግጫለሽ፤ ሲቆም የሚጣበቁት ሳህኖች እንዲላቀቁ ነው። በመጨረሻ እግርሽ መርገጫው ላይ የሚገጥመውን ግፊት ፈልጎ ሲያገኝ በሙሉ ክብደትሽ ትወርጂበታለሽ። እጅ፣ ጆሮና አፍንጫ ሁሉ ሥራ አላቸው። ቡና ከቆላሽ በኋላ ሽታው እጅሽ ላይ እንደሚቆይ፣ ቤንዚኑም ጣቴ ላይ እስከ ቀትር ይቆያል።

ሰናይት፦ እኔ ደግሞ አንድ ቁልፍ እጫንና እሄዳለሁ፤ ፍቅሬ ግን በዚህ አልቀነሰም። ላለፉት ሦስት ክረምቶች ገና ሳይነጋ፣ ለንደን በጉም ተሸፍና ሳለ፣ ወደ ሥራ ስወጣ አንድም ቀን አላስቀረኝም። የማይከዳን ነገር መውደድ ያንሳል?

ዳዊት፦ አያንስም። እኔ ግን ያስተካከልኩትን ነገር አብልጬ እወዳለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ሰሞን አንድ የመሣሪያ ሻጭ በሚሊ ሜትር የተለካ መፍቻ ይበቃሃል ብሎኝ ነበር፤ የሲሊንደሩ ሥር ያለውን ዳዶ ስይዝበት ማዕዘኖቹ ተልጠው ክብ ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን በብረት ሥራ ያሳለፉት አዛውንት ጎረቤቴ ያንን አይተው በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዊትወርዝ በተባለው የድሮ የእንግሊዝ ልኬት የተሠራ የመፍቻ ስብስባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። በእነዚያ መፍቻዎች ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቡሎኑን ውፍረት እንጂ የአናቱን ስፋት እንደማያመለክት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም። መፍቻውን በያዝኩ ቁጥር ግን አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል።

ሰናይት፦ ይህንን ከዚህ በፊት አልነገሩኝም ነበር።

ዳዊት፦ ያን ትሪ ማስቀመጥንም የጀመርኩት ከእሳቸው አይቼ ነው። ጠብታው የት እንደወደቀ ካየህ ከየትኛው መጋጠሚያ እንደመጣ ታውቃለህ ይሉኝ ነበር።

ሰናይት፦ እንግዲህ ወደ አዲሶቹ ልመልስዎት። በሜሪደን የነበረው የትራይምፍ ፋብሪካ በ1983 ከተዘጋ በኋላ ጆን ብሉር የተባለ እንግሊዛዊ ባለሀብት ስሙን ገዝቶ በሂንክሊ አዲስ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ቦንቪልም በ2001 ተመለሰ። እርስዎ ይህንን እንደ ትንሣኤ አያዩትም?

ዳዊት፦ በመመለሱ ደስ ብሎኛል። የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። ቤንዚኑ በኤሌክትሮኒክስ መረጨት ከጀመረ በኋላም የመርጫውን አካል የድሮ ካርቡረተር አስመስለው ቀረጹት። ካርቡረተር ካልሆነ ለምን ይመስላል?

ሰናይት፦ እኔ ግን አክብሮት ሆኖ ይታየኛል። የአያትን ስም ለልጅ ማውጣት ማስመሰል ነው?

ዳዊት፦ ስም ሌላ ነው። ስም ከሆነማ ቦንቪልም የመጣው በዩታ ካለው የጨው ሜዳ ነው። በ1956 ጆኒ አለን በ650 ሲሲ የትራይምፍ ሞተር በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረረበት ቦታ ነው። ዓለም አቀፉ የሞተርሳይክል ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኑን ባያጸድቀውም...

ሰናይት፦ ጋሽ ዳዊት፣ ስለ ጨው ሜዳው ባለፈው ሳምንትም ነግረውናል። የእኔን ይመልከቱ። ሮያል ኤንፊልድ በእንግሊዟ ሬዲች ተጀመረ፤ በ1955 በሕንዷ ማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ መገጣጠም ጀመረ፤ የእንግሊዙ ሥራ በ1970 ሲያከትም የሕንዱ ቀጠለ። የእኔ 648 ሲሲ ሞተር በእንግሊዟ ሌስተርሸር ተነድፎ ቼናይ አካባቢ ይሠራል። ሁለቱ ፒስተኖች እንደ እርስዎ አብረው አይወጡም፤ አንዱ ሌላውን ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ ንዝረቱንም ሚዛን የሚጠብቅ ዘንግ ያበርደዋል። የቆምኩበት ወለልም ደረቅ ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ዜማው ያንቺ ራሱን የቻለ ነው፤ ይህን አልክድም። ስታልፊ ሰምቼዋለሁ፤ ያምራል። የእኔን አይተካም ነው የምለው።

ሰናይት፦ እንዲተካ አልጠየቅኩም። እኩል ይወደዳል ወይ ነው ያልኩት።

ዳዊት፦ ለሰባት ዓመት ያህል ከያዝሽው በኋላ ጠይቂኝ። አንድ ነገር ተሰብሮብሽ በእጅሽ ጠግነሽው፣ ከዚያም አምኖሽ ከተነሣ፣ ያኔ መልሱን አንቺው ትሰጪኛለሽ።

ሰናይት፦ ሳይሰበር መውደዴን ግን አልተውም።

ዳዊት፦ አትተዪ። እሑድ በሰሜኑ የቀለበት መንገድ ላይ ወዳለው የሞተረኞች መገናኛ፣ ወደ ኤስ ካፌ፣ እንሂድ። በ1938 ተከፍቶ፣ በጦርነቱ በቦምብ ተመቶ፣ በ1949 እንደገና ተሠርቶ፣ በ1969 ተዘግቶ፣ በ2001 ዳግም የተከፈተ ቤት ነው። አንቺ የእኔን፣ እኔ ያንቺን ይዘን እንመለስ። የእኔ ማርሽ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እንደሆነ ግን አትርሺ።

ሰናይት፦ እስማማለሁ። ስመለስ እኔ ቤት ነው የማቆመው?

ዳዊት፦ አንቺ ቤት አቁሚው። ትሪውን እኔ ይዤልሽ እመጣለሁ።